ውሃ ላይ የቆመች ነጭ ወፍ

በአንድ ወቅት፣ ከመካከላችሁ እዚያ ዘመድ ያለው ስለማይጠፋ ስሙን በማልጠራው ሐይቅ ዳር፣ አያ ስንሻው የሚባሉ የወፍ ሰው ነበሩ። የወፍ ሰው ስላችሁ ማሳ ላይ ቆሞ ወንጭፍ የሚያጮኽ እንዳይመስላችሁ። የእሳቸው ሥራ ወፍ ማየትና ሊያይ ለመጣ እንግዳ ማሳየት ነበር። ከመንደሩ በላይ ባለው ጉብታ ራስ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እዚያ ተቀምጠው፣ አስጎብኚዎች ስኮፕ የሚሉትን በሦስት እግር የሚቆም የሩቅ ማያ መነጽር ፊታቸው ተክለው፣ ማዶ ዛፍ ላይ ያረፈችውን ወፍ የዓይኗን ቀለም ሳይቀር ይነግሩ ነበር።

ድንጋዩ ግን የወፍ ማያ ብቻ አልነበረም። የመንደሩ ሰዎች ጠዋት በደንገል ታንኳ ወደ ማዶ ገበያ ይሻገራሉ፤ አመሻሽ ላይ ይመለሳሉ። መመለሻው ሁለት ነው። አንዱ በዓለቶቹ ዙሪያ የሚዞረው ነው፤ ሩቅ ነው፣ ነፋስም አለው። ሌላው ደንገሉ መሀል የሚያልፈው ጠባብ መንገድ ነው፤ እሱን ጉሮሮ ይሉታል። ለእኔ ቢተውልኝ ሌላ ስም አወጣለት ነበር፤ እነሱ ግን ለምደውት በዚያው ይመላለሳሉ።

ጉሮሮው ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ጉማሬ ይተኛል። ሲተኛ ሰምጦ ነው፤ ከሩቅ ምኑም አይታይም። የሚታየው አንድ ነገር ቢኖር ከብት የምትከተለዋ ነጭ ወፍ ናት፤ ጀርባው ላይ ወጥታ ትቆማለች። እንግዲህ ውሃ መሀል የቆመች ነጭ ወፍ ካያችሁ፣ የቆመችው ውሃ ላይ አይደለም። ድንጋዩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ይህን ያውቃል። ታንከኛውም ድንጋዩ ላይ የተቀመጠውን ሰው አምኖ ይቀዝፋል።

ከድንጋዩ አጠገብ ካለው ዋርካ ላይ የዕድሩ ጥሩምባ ተሰቅሏል። ሰው ሲሞት ጥሩምባው የሚነፋው ከዚያ ነው፤ ድምፁ ሐይቁን አቋርጦ ይሄዳል። መጀመሪያ ጥሩምባው ይነፋል፣ ቀጥሎ የሟቹ ስም ይጠራል። ውሃ ላይ ያለ ሰው ጥሩምባ ሲሰማ መቅዘፊያውን አንሥቶ ጭኑ ላይ ያጋድማል፤ ስሙ እስኪጠራም ውልፍት አይልም። ውሃ እየተንቦጫረቀ ስም አይሰማምና።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ አያ ስንሻው ጉሮሮው ውስጥ ጉማሬ አየሁ ብለው ጮኹ። ታንኳዎቹ በዙሪያው ዞሩ። ነፋስ መታቸውና አንዷ ከዓለት ተላትማ ተበታተነች፤ ሰዎቹ በመከራ ተረፉ። ሲነጋ ጉማሬ የተባለው ጉቶ ሆኖ ተገኘ። የአያ ስንሻው ዓይን ሞራ እንደለበሰ የታወቀው በዚያን ቀን ነው። የታንከኞቹ ማኅበር ተሰብስቦ ሕግ አወጣ። ከእንግዲህ ድንጋዩ ላይ ያለ ሰው ጉሮሮው ውስጥ ያየውን በስሙ ከመጥራቱ በፊት ሁለተኛ ዓይን ያረጋግጥለት ተባለ። ሁለተኛው ዓይንም የሚያየው በራሱ መነጽር ይሁን፤ የተጫረ መስታወት አንዱን እንዳሳሳተ ሌላውንም ያሳስታልና። ሕጉ ክፉ አልነበረም። ይህን አሁን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ትረሱታላችሁ።

አያ ስንሻው ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ አንማው የሚባል የበኩር ልጅ፣ ውባንቺ የምትባል ሴት ልጅ፣ ይርዳው የሚባል የመጨረሻ ልጅ። ሦስት መነጽርም ነበራቸው፤ ወፍ ሊያዩ የመጡ እንግዶች በተለያየ ዘመን ትተውላቸው የሄዱ። እንግዶቹ መነጽር የሚመርጡት በፊት መስታወቱ ስፋት ነው፤ በሚሊ ሜትር ለክተው ሰማንያ አምስት፣ ስልሳ አምስት፣ ሃምሳ ይላሉ። የመንደሩ ሰው ግን ጣሳ፣ ብርጭቆ፣ መለኪያ ይላቸዋል። የአንደኛው አፍ የጠላ ጣሳ ያህላል፣ የሁለተኛው የውሃ ብርጭቆ፣ የሦስተኛው የአረቄ መለኪያ።

አያ ስንሻው ልጆቻቸውን ጠርተው፣ «እኔ ከእንግዲህ አላይም። እየመረጣችሁ ውሰዱ፤ ለምን እንደመረጣችሁ ግን ንገሩኝ» አሉ።

አንማው ጣሳውን አነሣ። «ሰፊ አፍ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፣ አባባ። ገና ሳይነጋና ጀንበር ስትጠልቅ፣ ሌላው ሲጨልምበት ለእኔ ይታየኛል።»

«ከባድ ነው። እግሩም ከባድ ነው። አንዴ ከተከልከው አይነቀልም።»

«እኔም አልነቀልም» አለ አንማው። እውነቱን ነው፤ ከልጅነቱም የተቀመጠበትን የሚያሞቅ ሰው ነበር።

ይርዳው መለኪያውን አነሣ። «እኔ ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬው እሮጣለሁ። ወፏ ዘንድ የሚያደርስ እግር ካለኝ ሰፊ መስታወት ምን ያደርግልኛል?»

«ሲመሽ ይጨልምብሃል።»

«ሲመሽ እቀርባለሁ፣ አባባ።»

ውባንቺ የቀረውን ወሰደች። የቀረላትን ነው የወሰደችው የሚሉ አሉ፤ እሷ ግን ቀድሞም ዓይኗ እሱ ላይ ነበር። «ጣሳው ቀትር ላይ ከመሬት የሚነሣውን ወላፈን አብሮ ያጎላዋል፤ ወፏ ስትንቀጠቀጥ ነው የምትታየው። መለኪያው ደግሞ ማታ ይታወራል። የእኔ ቀን ያሳየኛል፣ ማታም የቻለውን ያሳየኛል። ጉብታውንም ተሸክሜው እወጣለሁ።»

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መካከለኛ ስትመርጪ ከሁለቱም የጎደለውን መረጥሽ።»

«ከሁለቱም ያለውን ነው የመረጥኩት» አለች።

ማኅበሩ ወዲያው አልወሰነም። ሦስቱም እስከ ፋሲካ ድረስ ጉብታው ላይ ይቀመጡ፣ ከዚያ ድንጋዩ የሚገባው ይለያል ተባለ። ልጆቹም ተቀመጡ፤ መንደሩም ባለጣሳው፣ ባለብርጭቆዋ፣ ባለመለኪያው እያለ ሳቀባቸው። ወራቱ ግን ደስ የሚሉ አልነበሩም። ጉማሬ በሌለበት ጊዜ ጉሮሮው ውስጥ የሚያድሩ ዳክዬዎች አንድ አመሻሽ ላይ ግር ብለው ተነሡ፤ ተመልሰውም አላረፉ። ቀጥለው ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ ዓሣ በል ወፎች ወደ ዓለቶቹ ማዶ ተዛወሩ። ደንገሉ መሀል አንድ ላባ እንኳ ጠፋ። አንማው ይህን አይቷል፤ ለእህትና ወንድሙም ነግሯል። ወፍ አለመኖሩ ግን የሚያዩት ነገር ስላልሆነ ማንም ሁለተኛ ዓይን ሆኖ ሊያረጋግጥለት አልቻለም።

አንድ የገበያ ቀን ሰማዩ ዳምኖ ዋለና ጀንበሯ ቶሎ ደከመች። ታንኳዎቹ ከማዶ ተነሥተው ወደ ጉሮሮው ያቀናሉ። ከፊት ጨውና ሽንኩርት የጫኑ ሴቶች ናቸው። ከኋላቸው ሙጬ የሚባል ታንከኛ ብቻውን ይቀዝፋል። የሙጬ ሚስት ያለምወርቅ ቀኗ ደርሶ ነበር፤ ሲወጣ ምጥ ጀምሯት ትቷት ነው የሄደው። የሄደውም ለገንፎዋ የሚሆን ቅቤ ሊገዛ ነው። ባይሄድስ የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ያለ ቅቤ ገንፎ አራስ ፊት አይቀርብም፤ ሄደ።

አንማው ጣሳውን ወደ ጉሮሮው አዞረ። ደንገሉ ጠቁሯል፤ ውሃው አመድ መስሏል። ከዚያ አመድ መሀል አንዲት ነጭ ወፍ ቆማ አየ። እግሮቿን አየ። እግሮቿ ሥር ውሃው ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አየ። በዚያ ብርሃን ይህን ሊያሳይ የሚችል መስታወት በሐይቁ ዙሪያ እሱ ፊት ካለው በቀር አልነበረም። ዓይኑን ከመስታወቱ ሳያነሣ፣ «ሁለተኛ ዓይን» አለ። ቃሉ የሕጉ ቃል ነበር። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረም።

ይርዳው ሁለተኛ ዓይን ለመሆን መለኪያውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፤ የገጠመው ጭለማ ነው። «ከዚህ አይታየኝም፣ ጋሼ» ብሎ መነጽሩን ትከሻው ላይ ጥሎ ቁልቁል ሮጠ። ፈቃድ አልጠየቀም፣ የሚሄድበትንም አልተናገረም።

ውባንቺ በብርጭቆው አየች። «ነጭ ነገር አለ» አለች። «ወፍ ይሁን፣ አረፋ ይሁን፣ አልለየልኝም።»

«ደግመሽ እዪ፣ እታለም።»

ደግማ አየች፤ እየጨለመ ነው። ከመስታወቱ ዓይኗን አነሣችና ወንድሟን አየችው። የጣሳውን እግር የያዘው እጁ ይንቀጠቀጣል። ከሥር የሴቶቹ ታንኳዎች ጉሮሮው አፍ ላይ ሊደርሱ ነው። ሕጉ ስም እንዳይጠራ ይከለክላል፤ ጥሩምባ እንዳይነፋ ግን አይከለክልም። ውባንቺ ተነሣች፣ ጥሩምባውን ከዋርካው አወረደችና ነፋችው።

ሐይቁ ላይ ያለው ሁሉ ቆመ። ሴቶቹ መቅዘፊያቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ፤ ታንኳዎቻቸው ጉሮሮው ደጃፍ ላይ በዝምታ ተንሳፈፉ። ከጉብታው ስም ይጠራል ብለው ጆሯቸውን ሰጡ። ስም አልተጠራም። ውባንቺ ሳታረጋግጥ ስም አልጠራችም። ያረጋገጠው አንማው ደግሞ ብቻውን ስለነበር አልጠራም። ሁለቱ ወንድምና እህት ጎን ለጎን ቆመው ዝም አሉ። ያቺን ዝምታ ሳስባት ዛሬም ያመኛል።

ሙጬ መቅዘፊያውን አላጋደመም። በሴቶቹ ታንኳ አጠገብ እያከለበ ሲያልፍ አንዷ፣ «ስሙን እስኪጠሩ ቁም እንጂ፣ አንተ ሰው» አለችው።

«የሚጠሩትን ስም አውቀዋለሁ» አለ። ምጥ ላይ የተዋት ሚስቱ ናት የታየችው። በአጭሩ መንገድ፣ በጉሮሮው ገባ።

ይርዳው በዚህ ጊዜ ደንገሉ ዳር ደርሷል። በቅርብ ሆኖ መለኪያውን ዓይኑ ላይ አደረገ። ቅርብ ስለሆነ ያቺ ትንሽ መስታወት በቂ ሆነችለት፤ ነጯን ወፍ አየ፣ ከሥሯ እርጥብ ጀርባ አየ፣ ሁለት ጆሮ እርግፍ እርግፍ ሲል አየ። «ጉማሬ ነው» ብሎ ጮኸ። ደንገሉ ድምፁን ዋጠው፤ ጉብታው ላይም፣ ሐይቁ ላይም የሰማው የለም። ያን ጊዜ ዳር ከታሰሩት ታንኳዎች አንዱን ፈትቶ ገባ፤ ውሃውንም በመቅዘፊያው ይደበድብ ጀመር። ሐሳቡ ጉማሬውን ከሴቶቹ አርቆ ወደ ራሱ መሳብ ነበር። ጉማሬውም ተነሣ። ወፏ በረረች። ከደንገሉ ጥምዝ ጀርባ የሙጬ ታንኳ ብቅ ያለችው ያኔ ነው፤ ሙጬና ይርዳው መሀላቸው ጉማሬ ሆኖ ተያዩ።

የሙጬ ታንኳ ከሥር ተነሥታ ተገለበጠች። ይርዳው ሸሽቶ መውጣት ይችል ነበር፤ አልወጣም። ዘሎ ሙጬን በሸማው ያዘው። ሸማው እጁ ላይ ቀረ፤ የራሱ ቀኝ እግር ደግሞ ጉማሬው አፍ ውስጥ ቀረ። ሰዎች ድንጋይና ችቦ ይዘው ሲደርሱ ይርዳውን ከነነፍሱ አወጡት፤ ሙጬን ግን ሬሳውን ነው ያገኙት። ቅቤው በቅጠል እንደተጠቀለለ ተንሳፍፎ ዳር ደረሰ።

አንማው ይህን ሁሉ ከጉብታው ላይ በጣሳው አይቷል። ከእሱ አጥርቶ ያየ የለም።

ያለምወርቅ ጀንበሯ ጥልቅ ስትል ወንድ ልጅ ተገላገለች። በማግስቱ ጥሩምባው ዳግም ተነፋ፤ በዚህ ጊዜ የሚጠራ ስም ነበረው።

ፋሲካ አልፎ፣ ማኅበሩ ጉብታው ሥር ተሰበሰበ። ከእንግዲህ ሦስት ሰው ድንጋዩ ላይ አይቀመጥም ተባለ። ሦስት ሲሆኑ የአንዱን ሥራ አንዱ ይጠብቃል፤ ስም መጥራቱ መሀል ላይ ወደቀ። አንድ ሰው፣ አንድ መነጽር፣ አንድ ጥሩምባ ይሁን፤ ያ ሰው ሁለተኛ ዓይን አይጠብቅ፣ ብቻውን አይቶ ብቻውን ይጥራ። ሕጉ በዚያው ቀን ተሻረ። ማን ይቀመጥ የሚለው ግን ጉባኤውን ከሁለትም ከሦስትም ከፈለው።

መጀመሪያ አንማው ተነሣ። «ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ያልኩትም ሕጉ የእናንተ ስለሆነ ነው። ዛሬ ሕጉን አንሥታችኋል፤ ዓይኔ ግን ያው ነው።»

አንድ ሽማግሌ፣ «ልክ ነው። ጉማሬው ቀን ወጥቶ አያውቅም፤ በምሽት የሚያይ መስታወት ነው የሚያስፈልገን» አሉ። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ «ጥሩምባው ከተነፋ በኋላስ? ሰው ሲገባ እያየ አፉን የዘጋ፣ ነገ ሕግ ባይኖር ሌላ ምክንያት አያጣም» አለ።  

ውባንቺ ተነሣች። «እኔ አላየሁም። መስታወቴ አልበቃኝም። የጋሼን እጅ አይቼ ነው የነፋሁት።»

ከገበያ የተመለሱት ሴቶች ሁሉ በአንድ ድምፅ የእሷ ወገን ሆኑ። «እሷ ባትነፋ ኖሮ ያኔ የምትቀብሩት እኛን ነበር» አሉ። የሙጬ አጎት ግን ብድግ ብሎ፣ «ጥሩምባ ነፍቶ ስም አለመጥራት ምን ማለት ነው? ሙጬን ጉሮሮው ውስጥ የከተተው ጉማሬው አይደለም፣ ያ ስም የሌለው ጥሩምባ ነው» አለ። ውባንቺ አንገቷን ደፋች። «እውነት ነው» አለች በቀስታ።

ይርዳውን በቃሬዛ አምጥተውት ነበር። ተንጋሎ እንደተኛ፣ «እኔ ቀርቤ አየሁ። ስሙንም ጠራሁ፤ የሰማኝ የለም» አለ።

«እግሩን ለሰጠን ሰው ድንጋይ እንከለክላለን?» አሉ ብዙዎቹ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ግን የሚቀየም እንዳይቀየም አለና፣ ጉማሬው ባይነካካ ኖሮ ሙጬ በጎኑ ሊያልፍ ይችል እንደነበር ተናገረ፤ ጠዋት ሲሄዱ ያው ጉማሬ እዚያው ተኝቶ ሳለ ሁሉም አልፈው ይሆናል። ከዚያም ሁሉም እያሰበው ያልደፈረውን ጨመረ። «መለኪያው ለሚሮጥ ሰው ነበር የሚሆነው። አሁን ይርዳው በምን ይሮጣል?»

ይርዳው ወደ ሰማይ አየ። ዕንባው በጆሮው በኩል ወረደ።

ያኔ ያለምወርቅ ልጇን አዝላ ገባች፤ ማቅ እንደለበሰች ናት።  «ባሌን ማን ገደለው ብዬ አልመጣሁም» አለች። «ይሄ ልጅ አድጎ ታንከኛ ነው የሚሆነው፤ ሌላ ሥራ የለንም። በማን ዓይን አምኜ ልስደደው? እሱን ንገሩኝ።»

ሁሉም ወደ አያ ስንሻው ዞሩ። እሳቸው በበትራቸው ተደግፈው፣ ነጭ ዓይናቸውን ወደ ሐይቁ አቅንተው ቆመዋል። «ልጆቼ ናቸው» አሉ። «ሦስቱንም መነጽር ያስመረጥኳቸው እኔ ነኝ። ፍርዱን ከእኔ አትጠብቁ።» ቀጥለውም፣ «ወፎቹ ተመልሰው ጉሮሮው ውስጥ ማደር ጀምረዋል?» ብለው ጠየቁ።

«አልጀመሩም፣ አባባ» አለ አንማው።

ማኅበሩ ሳይወስን ተበተነ። ድንጋዩ ባዶውን ነው፤ ጥሩምባው ዋርካው ላይ ነው፤ ሦስቱ መነጽሮች በጨርቅ ተጠቅልለው አያ ስንሻው ቤት ተቀምጠዋል። ገበያ ግን አይቀርም። ጨው ያልቃል፣ ዘይት ያልቃል፣ ሰው ይሻገራል፤ የሄደም መመለሱ ግድ ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከነገርኳችሁ ፍርዱ የእናንተ ነው። በጨለማ ማየት የሚችለውን፣ አይቶም ዝም ያለውን አንማውን ከነጣሳው ታስቀምጣላችሁ? ሳታይ የደፈረችውን፣ ብዙዎችን አትርፋ አንዱን የሸኘችውን ውባንቺን ከነብርጭቆዋ? ወይስ ቀርቦ ያየውን፣ ስሙን የጠራውን፣ ከእንግዲህ መቅረብ የማይችለውን ይርዳውን ከነመለኪያው? የያለምወርቅ ልጅ ታንኳ ሲይዝ ድንጋዩ ላይ ማን ተቀምጦ ሊጠብቀው ይገባል?

ተከራከሩ፤ አላቸኩላችሁም። ብቻ ታንኳዎቹ ከማዶ ተነሥተዋል፤ ጉሮሮው ውስጥ፣ ውሃው መሀል፣ አንዲት ነጭ ነገር ቆማለች።